የኤርብረሽ ኮምፕሬሰር የእርጥበት ማጣሪያ፦ የትኛው ዓይነት፣ የት ላይ?

በኤርብረሽ፣ ማለትም በታመቀ አየር ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያቺን ጠብታ አንድ ቀን ያገኛታል። ጥላው እየለሰለሰ፣ ቀለሙ እየተዋሐደ ሳለ ቀለሙ ከሚወጣበት ጠባብ አፍ፣ ከኖዝሉ፣ ድንገት የውሃ ነጥብ ትወጣና በሥራው መሀል ክብ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ?» የሚል ነው። እንደ እኔ እምነት ግን «የት ላይ ልግጠመው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። በትክክለኛው ቦታ የተገጠመ ተራ ማጣሪያ፣ ያለቦታው ከተገጠመ እጅግ የተራቀቀ ማጣሪያ የተሻለ ይሠራል። ምክንያቱ ከውሃው አመጣጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዕቃዎቹን ከማወዳደራችን በፊት እሱን እንይ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ኮምፕሬሰር ውሃ አይፈጥርም። ከክፍሉ በሚስበው አየር ውስጥ በዓይን የማይታይ የውሃ ተን አለ፤ ይህን ተን ከአየሩ ጋር አብሮ ያምቀዋል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው ተን ቢበዛ 23 ግራም ገደማ ነው። ይህን ጣሪያ የሚወስኑት የቦታው ስፋትና ሙቀቱ ናቸው፤ ግፊቱ አይደለም። አየሩን በአራት እጥፍ ብናምቀው ተኑም በአራት እጥፍ ይታመቃል፤ ጣሪያው ግን እዚያው 23 ግራም ላይ ይቀራል። ከጣሪያው ያለፈው ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

በቁጥር እናስላው። የክፍሉ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ነው እንበል። ኤርብረሹ በደቂቃ 20 ሊትር አየር ቢወስድ፣ በአንድ ሰዓት የማያቋርጥ ርጭት 1.2 ሜትር ኩብ አየር ያልፋል፤ በውስጡም 16.5 ግራም ያህል ተን አለ። ይህ አየር በግፊት መለኪያው ላይ 3 ባር እስኪነበብ ድረስ ሲታመቅ ወደ 0.3 ሜትር ኩብ ይጠባል (መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር 1 ባር ያህል ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ በጠቅላላው አራት እጥፍ ታምቋል)። ተመልሶ ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 7 ግራም ያህል ተን ብቻ መያዝ ይችላል። ወደ 10 ግራም የሚጠጋው ቀሪ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ መንጠባጠቡ አይቀርም።

«ተመልሶ ሲቀዘቅዝ» የሚለው ሐረግ የነገሩ ቁልፍ ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ከላይ በምሳሌ ያየነው አየር 45 ዲግሪ ላይ እያለ 16.5 ግራሙን በሙሉ በተን መልክ ተሸክሞ ማለፍ ይችላል፤ አንዲት ጠብታ አይጥልም። አብዛኛዎቹ ማጣሪያዎች ደግሞ የሚይዙት ጠብታን እንጂ ተንን አይደለም። ስለዚህ ማጣሪያው የኮምፕሬሰሩ ትኩስ አፍ ላይ ከተገጠመ ጠብታው ገና አልተፈጠረምና የሚይዘው ነገር የለውም። ተኑ በመሀሉ ያልፍና ቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ ውሃ ይሆናል። የማጣሪያው ኩባያ ደርቆ ቱቦው የሚረጥበው ለዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ማጣሪያ ገዝቶ ከመጀመሪያው አጠገብ ይደረድራል፤ ችግሩም ባለበት ይቀጥላል።

በእርግጥ ውሃ ነው?

ኤርብረሽ የሚተፋበት ምክንያት ብዙ ነው። በመርፌው ጫፍ ላይ የደረቀ ቀለም፣ የተጣመመ መርፌ፣ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ኖዝል፣ በደንብ ያልቀጠነ ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ ነጠብጣብ ያመጣሉ። በቀለም ማስቀመጫው ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ደግሞ አየር ወደ ኋላ እየገባ ነው፤ እሱን የሚፈታው ኖዝሉን አጽድቶ በደንብ ማጥበቅ እንጂ ማጣሪያ አይደለም።

ለመለየት የቀለም ማስቀመጫውን አጥበው ያድርቁና ኮምፕሬሰሩን ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ እንደ ሥራ ጊዜ ያሠሩት። ከዚያ ያለ ቀለም አየር ብቻ በደረቅ መስታወት ወይም በጥቁር ወረቀት ላይ ይንፉ። ነጠብጣብ ከታየና ሲደርቅ ምንም ምልክት ካልተወ ውሃ ነው። የቅባት ክብ ትቶ ከሄደ ዘይት ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን። ምንም ካልታየ ደግሞ ገንዘብዎን አስቀምጠው ኤርብረሹን ፈትተው ያጽዱ። የውሃ ችግር ሌላም ጠባይ አለው፦ ሥራ ሲጀመር አይታይም፤ ኮምፕሬሰሩ ከጋለ በኋላ ይመጣል፤ አየሩ እርጥብ በሆነበት ወቅትም ይብሳል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚተፋ ኤርብረሽ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከራሱ ነው።

በላከር ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በሥራቸው ገጽ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ጭጋግ ሲያዩ ኮምፕሬሰሩን ይወቅሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የክፍሉ አየር ነው። ማቅጠኛው በፍጥነት ሲተን የሥራውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ በዙሪያው ያለው እርጥበትም እዚያው ላይ ጤዛ ይሆናል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚተን ማቅጠኛ መጠቀም ወይም ደረቅ ቀን መጠበቅ ነው። ከዓለም ምርጡ ማጣሪያ እንኳ የክፍሉን አየር አያደርቅም።

የአየር ቋቱ

በተለምዶ ታንከር የሚባለው የአየር ቋት በማጣሪያነት አይሸጥም። ይሁን እንጂ ሥራውን በትክክል ከተረዳነው ከሁሉም የሚበልጠው ውሃ መለያ እሱ ነው። አየሩ ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተነካክቶ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውም ከታች ይጠራቀማል። ከዚህ በላይ ደግሞ አየሩን ከምንሠራበት ግፊት በላይ አምቆ ያቆየዋል፤ ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅሙ ነው። ቋቱ 4 ባር ላይ ሆኖ አየሩ ወደ ክፍሉ ሙቀት ከቀዘቀዘ፣ ውሃው እዚያ ከተለየ በኋላ በግፊት ማስተካከያው (ሬጉሌተር) ወደ 1.5 ባር ሲወርድ አየሩ ይሰፋል፤ አንጻራዊ እርጥበቱም ከመቶ ወደ 50 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ አየር በክፍሉ ሙቀት ባለ ቱቦ ውስጥ ጠብታ አይጥልም። አምቆ፣ አቀዝቅዞ፣ ውሃውን ለይቶ፣ ከዚያ ግፊቱን መቀነስ፦ አየር የማድረቅ ጥበብ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ችግሩ የቋቱ መጠን ላይ ነው። ለኤርብረሽ ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ ኮምፕሬሰሮች ብዙዎቹ 3 ሊትር ያህል የሚይዝ ቋት አላቸው፤ 4 ባር ላይ ሲያቆሙ 3 ባር ላይ እንደገና ይነሣሉ። 3 ሊትር ቋት በ4 ባር የሚይዘው አየር ወደ ተራ ግፊት ቢለቀቅ 15 ሊትር ነው። በደቂቃ 20 ሊትር ለሚወስድ ኤርብረሽ ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ የሚገኘው ደግሞ 9 ሰከንድ ያህል ብቻ። በዚህ ፍጥነት አየሩ ለመቀዝቀዝ ጊዜ የለውም፤ ቋቱ ራሱ እየጋለ ይሄዳል። በሌላ በኩል 24 ሊትር ቋት 8 ባር ላይ 216 ሊትር አየር ይይዛል፤ በዚያው አወሳሰድ አየሩ ከመውጣቱ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ትልቅ ቋት ያላቸው ሰዎች ስለ ውሃ እምብዛም ሲያማርሩ የማይሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። አጫጭር ምት እያደረገ የሚሠራ፣ ለምሳሌ ትናንሽ ሞዴሎችን የሚቀባ ሰው በ3 ሊትሩም ደህና ይሆናል። ሰፊ ገጽ ሳያቋርጥ የሚረጭ ግን ሌላ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ባለ ኩባያው ማጣሪያ ከነሬጉሌተሩ

ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፦ ከላይ የግፊት ማስተካከያ እጀታና መለኪያ፣ ከታች ብርሃን የሚያሳልፍ ኩባያ፣ ከኩባያው ሥር የማፍሰሻ ቫልቭ። አየሩ ሲገባ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ጠብታ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይወርዳል፤ ቀሪው አየር በመሀል ባለው ማጥለያ አልፎ ይወጣል። ውሃ የሚለየው በዋናነት ሽክርክሪቱ ነው። ማጥለያው ሥራው አቧራና ዝገት መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ቁጥር ሲያወዳድሩ ይሰማሉ፤ 40፣ 20፣ 5። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ደረቅ ብናኝ ነው። 5 ማይክሮን የሆነው ከ40ው የበለጠ ተን አይይዝም፤ ሁለቱም ምንም አይይዙምና። ለኤርብረሽ ጠባብ ኖዝል ሲባል 5 ማይክሮኑ ይመረጣል፤ ከዚያ አልፎ 0.01 ማይክሮን መግዛት ግን የዘይት ችግር ለሌለው ሰው አየሩን ከማነቅ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ሲገዙ ልብ ሊሉት የሚገባው ኩባያው ነው። ብዙዎቹ ከፖሊካርቦኔት የተሠሩ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ጠንካራ ቢሆንም አሴቶንና የቀለም ማቅጠኛን አይችልም፤ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቅና በግፊት ውስጥ እያለ ሊፈነዳ ይችላል። ማቅጠኛ በየጠርሙሱ በሚገኝበት የቀለም ሠሪ ክፍል ይህ የወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም። ብረት መከላከያ የለበሰ ኩባያ ይምረጡ፤ ሲያጥቡት ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ብቻ ይሁን። ከትልቅ ኮምፕሬሰር ጋር የሚያገናኙት ከሆነ ደግሞ ኩባያው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ከኮምፕሬሰሩ ማቆሚያ ግፊት መብለጡን አይተው ይግዙ። ማፍሰሻውን በተመለከተ በእጅ የሚከፈተው በቂ ነው። ተንሳፋፊ ያለው አውቶማቲክ ማፍሰሻ በትንሽ አየርና በዝቅተኛ ግፊት አንዳንድ ጊዜ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ አየር ያባክናል።

ከእጀታው ሥር የሚገጠመው ትንሹ ማጣሪያ

ከኤርብረሹና ከቱቦው መካከል የሚገባ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። በአብዛኛው በሁለቱም ጫፍ 1/8 ኢንች ጥርስ (እንደ ብሎን የሚጠብቅ ዙር) አለው፤ ከታቹ ተጭነው ውሃውን የሚያስወጡበት ቁልፍ ይኖረዋል። የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ ዕቃው አሻንጉሊት ይመስላል፤ ብዙ ባለሙያም ይንቀዋል። እኔ ግን ከንቀቱ ጋር አልስማማም። ቦታው ከሁሉም የተሻለ ነው፦ አየሩ ቱቦውን በሙሉ አልፎ፣ ሊቀዘቅዝ የሚችለውን ያህል ቀዝቅዞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ቱቦው ውስጥ የተፈጠረችው ጠብታ ሥራው ላይ ከመውደቋ በፊት የሚያገኛት የመጨረሻው ዘበኛ ይህ ብቻ ነው።

ጉድለቱ በእጅ ላይ ይታያል። ኤርብረሹ ይከብዳል፤ ሚዛኑም ይለወጣል፤ ለረቂቅ መስመር ሥራ ይህ ያስቸግራል። በጣም አዘንብለው ከሠሩ በውስጡ የቆየው ውሃ ወደ ላይ ሊመለስ ይችላል። አንዳንድ የኤርብረሽ ማንጠልጠያም አያስገባውም። ክብደቱ ካስቸገረዎት በእጀታው ሥር ከማድረግ ይልቅ ከኤርብረሹ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ በቱቦው መሀል አድርገው ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ማድረግ ይቻላል።

ሲሊካ ጄል

እስካሁን ካየናቸው በተለየ ተንን ራሱን የሚይዘው ይህ ነው። ፍሬዎቹ እርጥበት ሲጠግቡ ቀለማቸው ይለወጣል፤ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ሮዝ። ሰማያዊው ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ስለሆነና ይህ ውህድ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ብርቱካናማውን ይምረጡ።

ሲሊካ ጄል የደረቅ አየር ቃል ኪዳን ይዞ ስለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። በእኔ ግምት መታሰብ ያለበት በመጨረሻ ነው። ፍሬው ቢበዛ ከራሱ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ውሃ ይጠጣል፤ በሥራ ላይ ከዚያ ያነሰ ነው። በላይኛው ስሌታችን ጠብታው አስቀድሞ ተለይቶ እንኳ በሰዓት 7 ግራም ያህል ተን ወደ ፊት ያልፋል። 100 ግራም ሲሊካ ይህን ለሦስትና ለአራት ሰዓት ርጭት ይችላል። ጠብታው ሳይለይ በቀጥታ ከኮምፕሬሰሩ ከተቀበለ ግን ዕድሜው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ፈሳሽ ውሃ የነካቸው ፍሬዎችም ይሰነጠቃሉ። በቱቦ መሀል የሚገቡት፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ የያዙት ትናንሽ ካርትሪጆች ደግሞ በአንድ ሰዓት የሚያልቁ ጌጦች ናቸው።

ስለዚህ ሲሊካ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሩብ ኪሎ የሚይዝ ዕቃ ይግዛ፤ ሁልጊዜ ከባለ ኩባያው ማጣሪያ በኋላ ያድርገው፤ ከሲሊካው ቀጥሎም ብናኙን የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ማጥለያ ያስገባ። ፍሬዎቹ የብናኝ ዱቄት ይተዋሉ፤ ያ ዱቄት ኖዝል ውስጥ ከገባ የውሃዋ ጠብታ ትናፈቃለች። የጠገበው ሲሊካ በምድጃ 120 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆይ ተመልሶ ይደርቃል። ሙቀቱን ከዚያ ብዙ ማሳለፍ ቀለም አመልካቹን ያበላሻል። ዘይት የነካው ፍሬ ግን አይመለስም፤ ይጣላል።

የማቀዝቀዣ ቧንቧ

ከዝርዝሩ ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራው ይህ ይመስለኛል፤ ማንም በሣጥን አሽጎ ስለማይሸጠው ግን እምብዛም አይወራለትም። ከኮምፕሬሰሩ ራስና ከማጣሪያው መካከል ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የመዳብ ቧንቧ ጠምዝዞ ማስገባት ብቻ ነው። መዳብ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ አየሩ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ተጠግቷል፤ ጠብታውም ተፈጥሯል፤ ተራው ማጣሪያ አሁን የሚይዘው አገኘ። ጥምዝምዙ ያለማቋረጥ ወደ ማጣሪያው ያዘቅዝቅ፤ መሀሉ ላይ ሆድ ከሠራ ውሃው እዚያ ይቋጥርና ድንገት ተሰብስቦ ይመጣል።

መዳብ ካልተገኘ ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ቱቦም ይረዳል፤ ከመዳቡ ያነሰ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ይታያል። ለውሃ መስመር የሚያገለግለውን ጠንካራ የፒቪሲ ቧንቧ ግን ለአየር ፈጽሞ አይጠቀሙ። የታመቀ አየር ሲሰብረው እንደ ውሃ አይፈስም፤ ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል።

ስለቀሩት በአጭሩ

ዘይት የሚጠቀም ኮምፕሬሰር ካለዎት፣ በተለይ ከማቀዝቀዣ ሞተር የተሠራውን ድምፅ አልባ ዓይነት፣ ከተራው ማጣሪያ በኋላ የዘይት ጭጋግ የሚይዝ ባለ 0.01 ማይክሮን ማጣሪያ ተገቢ ነው። ከላይ የነቀፍኩት ቁጥር ቦታው ይህ ነው። ያለ ዘይት የሚሠራ የፒስተን ወይም የዲያፍራም (አየሩን በሚለጠጥ ስስ ገጽ የሚገፋ) ኮምፕሬሰር ያለው ሰው አያስፈልገውም።

አየሩን ወደ 3 ዲግሪ አካባቢ አውርዶ ውሃውን የሚለይ የማቀዝቀዣ ማድረቂያ ማሽንም አለ፤ ለመኪና ቀለም ቤት እንጂ ለአንድ ኤርብረሽ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ደግሞ ከነጭራሹ የእርጥበት ጣጣ የለበትም፤ ድምፅም አያሰማም። ነገር ግን ለጋዙ የተሠራ ሬጉሌተርና አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ክፍል ይፈልጋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት መልቀቅ አደገኛ ነው። ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር ማስሞላትም የግድ ነው።

እንግዲህ የቱን?

መልሱ በእጅዎ ባለው ኮምፕሬሰር ይወሰናል።

ቋት የሌለው ትንሽ ዲያፍራም ኮምፕሬሰር ከሆነ አየሩ ሞቃት፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። ከኮምፕሬሰሩ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ማጣሪያ ብዙ አይመኑት። ሦስት ሜትር ያህል ቱቦ፣ ከዚያ ባለ ኩባያ ማጣሪያ፣ ከኤርብረሹ ሥር ደግሞ ትንሹን ይጨምሩ። ለብዙ ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ ማጣሪያ ከመደራረብ ይልቅ ቋት መጨመር ወይም ኮምፕሬሰሩን መለወጥ ይሻላል።

3 ሊትር ቋት ያለው የተለመደው ፒስተን ኮምፕሬሰር ባለቤት ማጣሪያውን አብሮ አግኝቷል፤ የቸገረው ቦታው ነው፤ ከትኩሱ ሞተር ጎን ተገጥሞ ይመጣል። እዚህ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ሌላ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ያለውን ከማሽኑ ፈትቶ፣ አንድ ሁለት ሜትር ቱቦ አስገብቶ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ግድግዳ ላይ መትከል። መለኪያውም ዓይን ሥር ይሆናል፤ ግፊት ለማስተካከል ማጎንበስ ይቀራል። ከዚህ በኋላም ጠብታ ከመጣ የእጀታው ማጣሪያ ይጨመር። አየሩ እጅግ እርጥብ በሆነበት አካባቢ የሚኖርና ረጅም ርጭት የሚሠራ ሰው ብቻ ወደ ሲሊካው ይሂድ።

24 ሊትርና ከዚያ በላይ ቋት ያለው ሰው ቋቱን በየጊዜው ካፈሰሰና አንድ ጥሩ ባለ ኩባያ ማጣሪያ ካለው ሌላ ነገር የሚፈልግ አይመስለኝም። ግፊቱን በቋቱ ውስጥ ከፍ አድርጎ ይዞ በሬጉሌተር ማውረዱን ግን አይርሳ።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀምረው ኮምፕሬሰሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ቋቱን አፍስሶ፣ መለኪያው ዜሮ መሆኑን በማየት ነው። ግፊት ያለበትን መገጣጠሚያ መፍታት ብረት መወንጨፍ ነው።

ከዚያ የሚያደናግረው የጥርሱ ነገር ነው። በአብዛኛው የኤርብረሽ ኮምፕሬሰሮች ላይ የሚገኙት 1/4 እና 1/8 ኢንች፣ ቢኤስፒ በሚባለው የቧንቧ ደረጃ የተሠሩ ጥርሶች ናቸው። ኤንፒቲ የሚባለው ሌላው ዓይነት በዓይን ሲታይ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በ1/4 ኢንች መጠን ቢኤስፒው በአንድ ኢንች ውስጥ 19 ጥርስ ሲኖረው ኤንፒቲው 18 ነው። ሁለቱን ቢያጋጥሟቸው አንድ ሁለት ዙር ይሄዱና ይነክሳሉ፤ በኃይል ከቀጠሉ አንዱ ይላጣል። የኤርብረሾቹም ጥርስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአምራቾቹ መካከል አይዋታ 1/8 ቢኤስፒ ሲጠቀም ባጀርና ፓሼ የየራሳቸው ጥርስ ስላላቸው ማገናኛ ይጠይቃሉ። ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን መገጣጠሚያ ይዘው ሄደው እዚያው በእጅ ሞክረው መግዛት ከሁሉም ይሻላል።

ሾጣጣ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ቴፕ ሁለት ሦስት ዙር ይጠቀለላል። ጥርሱን ከፊት ለፊት እያዩት በሰዓት አቅጣጫ ይጠቅልሉ፤ ያለዚያ ሲያጠብቁት ቴፑ ይገለበጣል። የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ይተዉት፤ ወደ ውስጥ የገባ የቴፕ ቁራጭ ተጉዞ ኖዝል ይደፍናልና። የጎማ ቀለበት ያለው መገጣጠሚያ ግን ቴፕ አያስፈልገውም፤ የሚያሽገው ጎማው ነው፤ በእጅ ጠብቆ ትንሽ በመፍቻ መጨመር ይበቃዋል። የማጣሪያዎቹ አካል ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ጉልበት ያበዛ ሰው ይሰነጥቀዋል።

በማጣሪያው አናት ላይ ያለውን ቀስት ይከተሉ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ማጣሪያ አየር ቢያሳልፍም ውሃ አይለይም። ኩባያው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይቁም። ሬጉሌተሩና ማጣሪያው ለየብቻ ከሆኑ ማጣሪያው ይቅደም፤ ከፍ ባለ ግፊት ውሃ በይበልጥ ይለያልና። ሲሊካ ካለ ከእነሱ በኋላ ይመጣል። ወደ ማጣሪያው የሚገባው ቱቦ ወለል ላይ ተኝቶ ኩሬ እንዳይሠራ ያንሡት። በመጨረሻም ኮምፕሬሰሩን አስነሥተው በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ ያወጣው ይጥበቅ። ትንሽ የአየር ማምለጫ በራሱ ባይጎዳም ሞተሩ ደጋግሞ እንዲነሣ ያደርጋል፤ ደጋግሞ የሚነሣ ሞተር ደግሞ ይግላል፤ የጋለ አየር ይዞት የሚመጣውን አይተናል።

ውሃ ማፍሰስ

የማጣሪያው ኩባያ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፤ ውሃው በውስጡ ወዳለው መከለያ ከደረሰ አየሩ መልሶ ያነሣዋል። የእጀታው ማጣሪያ ከሥራው አዙረው በየመሀሉ ይጫኑት። ቋቱ ሥራ ባለቀ ቁጥር ይፈስሳል፦ ግፊቱን ወደ 1 ባር አውርደው የታችኛውን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ውሃው በቀረው አየር ተገፍቶ ይወጣል። ቫልቩ እስከሚቀጥለው ሥራ ድረስ ክፍት ሆኖ ቢያድር ውስጡ ይናፈሳል። የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ ቋቱ መዛግ ጀምሯል።

አዲሱ አገጣጠም መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ያንኑ የመስታወት ሙከራ በማያቋርጥ ርጭት ይድገሙትና ውሃው የት እንደተሰበሰበ ይመልከቱ። ባለ ኩባያው ማጣሪያ ውስጥ ከሆነ ነገሩ እንደታሰበው ሄዷል። ኩባያው ደርቆ የእጀታው ማጣሪያ ከሞላ አየሩ ኩባያው ጋ ሲደርስ ገና ሞቃት ነው፤ ከኮምፕሬሰሩ እስከ ኩባያው ያለውን ቱቦ ያስረዝሙ ወይም እዚያ መዳቡን ያስገቡ። ሁለቱም ውሃ ይዘው መስታወቱ አሁንም ከረጠበ ኮምፕሬሰሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ እረፍት ይስጡት ወይም ሰፋ ያለ ቋት ይፈልጉለት።